አሞ ዓብዱን የመጣበት ሠርግ

ወንድሜ ሃይሰም ያገባ ዕለት ሰባት ዓመቴ ነበር። ድምፅ ማጉያ የጫነች ፒክአፕ በራችን ላይ ቆመች። ስኳር በጆንያ ወረደ፣ ቴምር በካርቶን ወረደ፣ ከበሮና ካሜራ የያዙ ሰዎች ወረዱ። በመጨረሻ ከሾፌሩ ጎን ከተቀመጠበት አሞ ዓብዱን ወረደ። የቴሌቪዥኑ አሞ ዓብዱን። ከዚህ ወዲያ ከዓለም የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

የኦምዱርማን ልጆች በሙሉ አሞ እንለው ነበር፣ የአባታችን ወንድም ይመስል። ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ወንዶቹ ለጸሎት ከመውጣታቸው በፊት፣ በቴሌቪዥን ይመጣል። የገመድ አልጋ ላይ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊቱ ሌላ ባዶ አልጋ አለ። ወደ እኛ ያይና «ያኛው ያንቺ ነው፤ ያኛው ያንተ ነው» ይላል። አሻንጉሊት አያናግርም፣ አያስጨፍርም። ስቱዲዮ የመጡትን ልጆች አንድ ነገር ይጠይቅና ዝም ብሎ ይጠብቃል። አንዱ ልጅ መልሱ ጠፍቶት ሲንተባተብ ሌላ ሰው ቢሆን ቃሉን ከአፉ ይነጥቀው ነበር። አሞ ዓብዱን ግን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «በቀስታ፤ ማንም አያባርረንም» ይላል።

ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። በዚያ ዓመት በእኛ ሰፈር የማይባረር ወጣት አልነበረም።

ቴሌቪዥናችን ጥቁርና ነጭ ነበር፣ ግቢው መሀል በርጩማ ላይ ይቀመጣል። የጎረቤታችን የሐጃ ስትና ልጅ ሳቢር ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፤ ከታች ሁላችንም «ወደ ቀኝ! ኧረ ወደ ቀኝ! አበላሸኸው!» እያልን እንጮኻለን። ሃይሰም ከኋላችን እግሩን ዘርግቶ ይጋደማል። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሷል፣ እግሩ ከአልጋው ይተርፋል።

«ይሄ ሰውዬ እንቅልፌን ነው የሚያመጣው» ይላል።

«ሂድና ተኛ! ማን ያዘህ?»

«ኧረ ቆይ። ሳገባ እሱን ነው የምጠራው። እንግዶቹን በሙሉ ያስተኛልኝና ምግቡ ለእኔና ላንቺ ይተርፋል።»

«እውነት ትጠራዋለህ?»

«ወላሂ።»

እሱ ቀልዱን ነው። እኔ መሐላውን ያዝኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሃይሰም ዳቦ ሊገዛ ወጣና አልተመለሰም። ዩማ፣ እናቴን እንደዚህ ነው የምጠራት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከቤት ስትወጣና ስትገባ ዋለች። በሦስተኛው ቀን የምትከናነበው ቶብ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሶ ተመለሰችና ከገንቦው ውሃ ቀድታ ቆማ ጠጣች።

«ሃይሰም ሥራ አግኝቷል» አለችኝ። «ደቡብ ነው። ጥሩ ሥራ ነው።»

«ሳይሰናበተኝ?»

«መኪናው ቸኮለ።»

በዚህ በኩል እንኳ አልዋሸችኝም። ወታደሮቹ መንገዱን በሁለት በኩል ዘግተው አውቶቡሶቹን አስቁመዋል፤ ከንፈሩ ላይ ፀጉር ያቆጠቆጠውን ሁሉ እያወረዱ ጭነት መኪና ላይ ጭነዋል። መኪናው ቸኩሎ ነበር። ጦርነቱ ሩቅ ነበር፣ ሰውም ቶሎ ቶሎ ይጨርስ ነበር። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ወንድሜ ሥራ እንዳገኘና ሲመለስ ቀይ ጫማ እንደሚያመጣልኝ ብቻ ነው። ጫማውን የጨመርኩት እኔው ነኝ። ዩማ ግን «አያመጣም» አላለችኝም።

ከአራት ወር በኋላ፣ አንድ ማለዳ፣ ሁለት ሰዎች መጡ። በሩ ላይ ቆመው ከዩማ ጋር ተነጋገሩ፤ ብዙ አልቆዩም። እሷ ተመልሳ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ የተማሪ ቤት ልብስ እየሰፋች ነው ያሳደገችን። ፔዳሉን ትረግጣለች፣ ሰማያዊው ጨርቅ በመርፌው ሥር ያልፋል፣ ይወርዳል። ጠጋ ብዬ ሳይ መርፌው ክር የለውም።

«ዩማ፣ ክሩ ወጥቷል።»

«አውቃለሁ» አለች። መርገጧን አላቆመችም።

እኩለ ቀን ላይ ፒክአፗ መጣች።

ሠርግ መሆኑን የነገረኝ ሰው የለም፤ መንገርም አላስፈለገም። ስኳር አለ፣ ቴምር አለ፣ ከበሮ አለ። ጥቁር የለበሱ የማላውቃቸው ሴቶች እልል ይላሉ። በድምፅ ማጉያው አንድ ሰው «የሙሽራው ሃይሰም ቤተሰቦች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ» ይላል። የሃይሰም ፎቶ፣ ያ ለትምህርት ቤት መታወቂያ የተነሳው፣ በትልቁ ታትሞ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሙሽራው ራሱ የለም፤ ይህ ደግሞ ጨርሶ አልደነቀኝም። አክስቴ ኢኽላስ ያገባችው ባለፈው ዓመት ነበር። ባሏ ጅዳ ነው የሚሠራው፤ ፈቃድ አላገኘም። መስጊድ ገብቶ በስሙ ቃል የሰጠው አጎቱ ነው፣ ቤት ደግሞ ፎቶው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሴቶቹ በፊቱ ጨፈሩ፣ ሽቶ ረጩበት። በዚያን ዘመን ግማሹ የሰፈራችን ወንድ በፎቶ ነው ያገባው። ስለዚህ ሃይሰምም ደቡብ ሆኖ አገባ፤ መሐላውንም አልረሳም፣ አሞ ዓብዱንን ልኮልኛል።

አንዷን ሴት ቀሚሷን ጎተት አድርጌ «ሙሽሪት ማን ናት?» አልኳት።

«ውቧ ናት፣ የኔ ቆንጆ። እሷን የመሰለች በምድር ላይ የለችም።»

ኢኽላስ ትበሳጫለች ብዬ አሰብኩ።

ዩማ ከክፍሏ አልወጣችም። በሴቶቹ ወገብ መሀል አጮልቄ ሳይ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው እጇን ይዘዋል። አጭር ጢም ያለው፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው በሩ ላይ ቆሟል፤ ጨዋ ነው፣ ወደ ሴቶች ክፍል አይገባም።

«ሐጃ ሩቅያ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ልጅዎን ድረናል።»

«አምጡልኝ» አለች ዩማ።

«እሱማ ከደረሰበት ማን ይመልሰዋል?»

«አምጡልኝና ልየው። ካየሁት እልል እላለሁ።»

በልቤ ደገፍኳት። ሥራ ቢበዛበትም ለእናቱ መታየት ነበረበት።

«ካሜራው የሚፈልገው ሁለት ቃል ነው። ‹ደስ ብሎኛል፣ ሌላም ቢኖረኝ እሰጥ ነበር› ይበሉ፤ በቃ።»

«ሌላ የለኝም።»

እጇን ከያዟት ሴቶች አንዷ ጎንበስ አለች። «ሐጃ፣ የሙሽራ እናት አታለቅስም። ለሰፈሩ ጥሩ አይደለም። ለቤትዎም ጥሩ አይደለም።» የመጨረሻዋን ዝግ ብላ ነው ያለችው፤ ምክር መሰለኝ።

ዩማ ተነስታ መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና መርገጥ ጀመረች። አላለቀሰችም። ግን አልተናገረችም። የቀራት እሱ ብቻ ነበር። ልጇን ወስደዋል፣ ሬሳውን አልሰጧትም፣ ለቅሶውን ከልክለዋታል። «ደስ ብሎኛል» የሚለውን ቃል ግን ከአፏ ማውጣት አልቻሉም።

ሰውዬው ወደ ግቢው ተመለሰና አሞ ዓብዱንን ክንዱን ያዘው።

«እናቲቱ እምቢ ብላለች። ያለ ቤተሰብ ቃል ቴፑ ለምን ይሆነናል? አንተ ሥራህን ታውቃለህ።»

አሞ ዓብዱን ግቢውን በዓይኑ ዞረው። ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። አወቀኝ! ያን ሁሉ ዓርብ ባዶው አልጋ ላይ የተቀመጥኩት እኔ መሆኔን አወቀ ብዬ ቀሚሴን አስተካከልኩ።

ከቴሌቪዥኑ ያነሰ ሰው ነበር። ሸሚዙ ቡናማ ነው፤ ነጭ ነበር የሚመስለኝ። ላብ አጥምቆታል። ወንበር ሲያቀርቡለት «ተዉት» አለና ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ፤ ዓይናችን እኩል ሆነ። ከትከሻው በላይ የካሜራው ቀይ መብራት በራ።

«ስምሽ ማነው?»

«ሪሓብ።»

«ሪሓብ፣ ዛሬ እዚህ ቤት ምንድን ነው?»

ሰው ሁሉ ያየኛል። አሞ ዓብዱን እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«በቀስታ» አለኝ። «ማንም አያባርረንም።»

ፈራሁ ማለት ከዚያ በኋላ አይቻልም።

«ሠርግ ነው!» አልኩ።

ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ። ከዚያ ጠየቀኝ፦ «ወንድምሽን ምን ትይዋለሽ?»

«እንኳን ደስ ያለህ! አልጋዬን ለሙሽራህ ለቅቄላታለሁ። እኔ ደግሞ ሳድግ አንተ ወዳለህበት እመጣለሁ!»

ከበሮው ወዲያው ቀለጠ። ከኋላዬ የዩማ ድምፅ «ተዋት! አንተ ሰውዬ፣ እሷን ተዋት!» ሲል ሰማሁ፤ እየሮጠች መጥታ ክንዴን ጎተተችኝ። ተናደድኩባት። ሠርጉን አበላሸችብኝ። አሞ ዓብዱን ራሴን ዳሰሰኝና ተነሳ። ለመነሳት መሬቱን ተደገፈ፤ ስላረጀ ነው አልኩ። አርባ አራት ዓመቱ ነበር።

የሃይሰምን ክፍል ሦስት ቀን ጠረግሁ፣ ለሙሽሪት። ዩማ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። መጥረጊያውን አልነጠቀችኝም።

ዓርብ ማታ ራሴን በቴሌቪዥን አየሁ። ሰፈሩ በሙሉ ግቢያችን ነበር። እየሳቅሁ «አንተ ወዳለህበት እመጣለሁ» ስል ልጆቹ ቀኑብኝ፤ ሳቢር ከጣሪያው ላይ አጨበጨበልኝ። ዞር ስል ዩማ ተነስታ ክፍሏን ዘግታለች። ተከትያት ሄጄ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ምንም ድምፅ የለም። ትንሽ ቆይቼ «ዩማ፣ ተኛሽ?» አልኩ።

«ተኝቻለሁ» አለች፣ እንቅልፍ በሌለበት ድምፅ።

ስንት ዓመት ፈጀብኝ ያችን በር ለመረዳት! ከግድግዳው ማዶ ለመንግሥት ወሬ የሚያቀብለው የሰፈር ኮሚቴ ጆሮ አለ። ከበሩ ማዶ ደግሞ እኔ አለሁ፣ ደስ ብሎኝ። ብታለቅስ አውቃለሁ። ስለዚህ አላለቀሰችም።

ሞቱን የነገረችኝ አብራኝ የምትማር ልጅ ናት፣ ከወራት በኋላ፣ በእርሳስ ተጣልተን። «ወንድምሽ እኮ ሞቷል፣ ሞኝ! አንቺ ብቻ ነሽ የማታውቂው!» ቤት ሄጄ ዩማን ጠየቅኋት። ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ «እሺ፣ አወቅሽ» አለች። ያኔ የለቅሶው ጊዜ አልፏል። ምንጣፍ አልተነጠፈም፣ ማንም መጥቶ እጁን ዘርግቶ አልጸለየላትም። በጦርነት የሞተ በጀነት ይሞሸራል ይሉ ነበርና፣ ሙሽራ ነው የዳረችው።

ካሜራው ፊት ከቆምኩባት ደቂቃ የቀረው የእኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ለዓመታት የዓርብ ማታው የጦርነት ዝግጅት የሚከፈተው በእሷ ነበር፦ ጥርሷ የወለቀ ልጅ ትስቃለች፣ «አንተ ወዳለህበት እመጣለሁ» ትላለች። ሳቢር አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ማንም ሳይይዘው በራሱ እግር ሄዶ ተመዘገበ። የእሱ ሠርግ በበጋው ሆነ። ሐጃ ስትና በራችን ላይ መጥታ ቆመች፣ አልገባችም።

«ልጅሽ ጠራችው፣ ልጄም ሄደ» አለች።

«ስትና፣ ልጄ ምን ታውቃለች?» አለች ዩማ።

«የኔስ ምን ያውቅ ነበር?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች አንድ ግድግዳ እየተጋሩ ሰላም አይባባሉም።

መንግሥቱ በወደቀ ዓመት ዩኒቨርሲቲ አስተምር ነበር። ሰው ሁሉ የድሮውን በደል ሒሳብ ይጠይቅ ነበር፤ እኔም አሞ ዓብዱን ቤት ሄድኩ። አርጅቷል፣ አንድ ዓይኑ ሞራ ለብሷል። ሚስቱ ከርከዴ አቀረበችልኝና አጠገቡ ተቀመጠች። ለመለሳለስ ትዕግሥት አልነበረኝም።

«ሠርግ ነው ስልዎት፣ አለማወቄን አውቀው ነበር?»

ማን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም።

«አወቅሁ» አለ። «ከእናንተ በፊት አንድ ቤት ሄደን ነበር። የዚያ ቤት ልጅ ያውቅ ነበር፤ ካሜራው ፊት አለቀሰ። አባቱን ይዘውት ሄዱ። አንቺ ሠርግ ስትይ ተመስገን አልኩ። ይህች አታውቅም፣ ይህች ትተርፋለች አልኩ።»

«እናቴስ?»

እንደ ድሮው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ፤ መልሱን ከእኔ የሚጠብቅ ይመስል።

«ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሠሩ?»

«ሰባት።» ሚስቱ ትከሻውን ያዘችው። «ዝግጅቴን ዘግተውት ነበር። ቴፕ አልነበረም፤ የእኔን ዓርቦች እየደመሰሱ በላያቸው የሠርጎቹን ይቀዱ ነበር። ከመደርደሪያው እያወረድኩ የማቀብላቸው እኔ ነኝ።»

እንዲያሳዝነኝ ነው የነገረኝ? አላውቅም። ሌላ ሰው፣ ድምፁ ሻካራ የሆነ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ፈርቼ ዝም እል ነበር፤ ዩማም የከለከለቻቸውን ያችን አንዲት ቃል ይዛ ትቀር ነበር። ያ ሁሉ ደግነቱ ለዚህ ዋለ። ይህን ነገርኩት። «አዎ» አለ። ከርከዴውን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ባለፈው ዓመት ሞተ። በዚያው ቀን ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ፤ ከዓርቦቹ አንድም ስላልተረፈ ከልጅ ጋር የሚታይበት ሌላ ምስል የለም። ድምፁን አጥፍተው ዜማ ጨምረውበታል። አሞ ዓብዱን መሬት ላይ ቁጢጥ ብሏል፣ ትንሽ ልጅ ትስቃለች፤ የነጭ ቶብ ጫፍ ከዳር ብቅ ሲል ተቆርጧል። ከሥሩ «የልጅነታችን ደግ ሰው» ይላል።

«ልበሺ፣ ለቅሶ እንሂድ» አለችኝ ዩማ።

«ለእሱ? ዩማ፣ አብደሻል?»

«ሰው ሞቷል። ለቅሶ ይኬዳል።»

መንገዱ በድንኳን ተዘግቷል፣ ወንዶቹ እዚያ ናቸው። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዩማ በሩ ላይ መዳፏን ዘርግታ ጸለየች፣ ገባች፣ ተቀመጠች። ዙሪያዋን አየች፤ ምንጣፉን፣ እንደ ልባቸው የሚያለቅሱትን ሴቶች፣ «ተይ» የሚላቸው ሰው አለመኖሩን። ከዚያ አፏን ከፈተች።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእናቴ ሰምቼ አላውቅም። «ሳላይህ!» አለች። «ሳላይህ! ሳላይህ!» ቶቧ ከራሷ ወረደ፣ ደረቷን መታች፣ ግቢው ተከትሏት አነባ። የሟች ሚስት መጥታ አቀፈቻት። በዩማ ትከሻ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። ታውቃለች። አጥብቃ ያዘቻት።

አጠገቤ ስልኳን አንስታ የምትቀርጽ ወጣት ልጅ ነበረች፤ እሷም እያለቀሰች ነው።

«ይቅርታ እህቴ፣ እናትሽ ናቸው?» አለች በሹክሹክታ። «እንዴት ቢወዱት ነው! በስሙ በከፈትነው ገጽ ላይ እናወጣዋለን። ‹የኦምዱርማን እናቶች አሞ ዓብዱንን ሲሰናበቱ› ብለን። ስማቸው ማነው?»

አፌን ከፈትኩ። ስልኩን ከእጇ ቀምቼ ልሰብረው ነበር፣ ቆሜ ልጮህ፣ የማን ለቅሶ እንደሆነ ልናገር ነበር። ግን ከተናገርኩ ሰው ሁሉ ወደ ዩማ ይዞራል። ከዞረ ቀና ትላለች። ቀና ካለች ቶቧን ትሰበስባለች፣ ዓይኗን ታብሳለች፣ ሃያ ስድስት ዓመት ወደያዘችው ዝምታ ትመለሳለች።

«ሩቅያ» አልኳት።

ልጅቷ ጻፈች። ዩማ ታለቅሳለች።